ከቁጥሩ በፊት ነጥቦቹ፦ በ«አር» ስለሚሠሩ የሥርጭት ሥዕሎች ሂሳዊ ቅኝት

በሕክምና ጥናቶች ውስጥ በብዛት ከሚነበቡ ዐረፍተ ነገሮች አንዱ «በሁለቱ ተለዋዋጮች መካከል ጠንካራ ተዛምዶ መኖሩ ታይቷል» የሚለው ነው። ከዚያም አንድ የተዛምዶ ቁጥር፣ ቀጥሎ አንድ የፒ ዋጋ ይሰፍራል፤ ጉዳዩም በዚሁ ይዘጋል። «ታይቷል» ይባል እንጂ ለአንባቢው የቀረበ የሚታይ ነገር የለም። አንዳንድ ጊዜም ጸሐፊው ራሱ ያየው ለመሆኑ ምልክት አይገኝም። ቁጥሩን ያወጣው ኮምፒዩተር ነው፤ ኮምፒዩተር ደግሞ ያሰላል እንጂ አያይም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልማድ መንቀፍ ብቻ አይደለም። ልማዱን ለመለወጥ አመቺ የሆነውን መሣሪያ፣ ማለትም «አር» የተባለውን የስታትስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ፣ ራሱንም መመርመር ያስፈልጋል። በአር የሚሠራ ሥዕል ከቁጥር የተሻለ ምስክር መሆኑ አያጠራጥርም፤ ይሁን እንጂ ምስክሩ ሳይጠየቅ የማይናገራቸው ነገሮች አሉ። በተለይ በሀገራችን የሕክምና መዛግብት ላይ ሲሠራ ዝም ብሎ የሚያልፈው ነገር ቀላል አይደለም።

የሥርጭት ሥዕል፣ በተለምዶ ስካተር ፕሎት የሚባለው፣ እያንዳንዱ ታካሚ በሁለት ልኬቶቹ መገናኛ ላይ አንድ ነጥብ ሆኖ የሚቀመጥበት ግራፍ ነው። በአግዳሚው መስመር ዕድሜ፣ በቋሚው መስመር የደም ግፊት ቢሰፍር፣ ሁለት መቶ ታካሚዎች ሁለት መቶ ነጥቦች ይሆናሉ። አማካይ የለም፣ መቶኛ የለም፣ የተጨመቀ ነገር የለም። ሐኪም የሆነ ሰው ከሌሎች ግራፎች ሁሉ ይልቅ ይህን ሊወድ የሚገባው ለዚህ ይመስለኛል፤ ታካሚው ወደ ሌላ ነገር ሳይለወጥ የሚቀርብበት ሥዕል ይህ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል።

ቁጥር ብቻውን ምን ያህል ሊደብቅ እንደሚችል ፍራንሲስ አንስኮምብ የተባለው የስታትስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ አሳይቷል። አራት አነስተኛ የመረጃ ስብስቦችን አዘጋጀ፤ እያንዳንዱ 11 ጥንድ ቁጥሮች አሉት። በአራቱም የአግዳሚው ቁጥሮች አማካይ 9፣ የቋሚው ቁጥሮች አማካይ 7.5፣ የተዛምዶው ቁጥር 0.82 ገደማ ነው። በነጥቦቹ መካከል የሚያልፈው የሪግሬሽን መስመርም አንድ ዓይነት ነው። ሥዕሉ ሲሠራ ግን አራቱ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። የመጀመሪያው እንደ ተለመደው የተበታተነ የነጥቦች ደመና ነው። ሁለተኛው ቀጥተኛ መስመር ሳይሆን ወደ ላይ ወጥቶ የሚያጎነብስ ቀስት ነው። በሦስተኛው ዐሥሩ ነጥቦች በአንድ መስመር ላይ ተሰልፈው አንዱ ብቻ ከሰልፉ ወጥቷል። አራተኛው እጅግ የሚያስደነግጠው ነው፤ ዐሥሩ ነጥቦች በ8 ላይ እንደ ዐምድ ተደርድረዋል፤ አንዱ ብቻ በ19 ላይ ለብቻው ቆሟል። ይህን ወደ ክሊኒክ ብንወስደው፣ ዐሥር ታካሚዎች አንድ ዓይነት የመድኃኒት መጠን ወስደዋል፣ አንድ ታካሚ ብቻ ከእጥፍ በላይ ወስዷል ማለት ነው። ያ አንድ ታካሚ ቢነሣ ተዛምዶ የሚባል ነገር ሊሰላ እንኳ አይችልም። በወረቀቱ ላይ ግን 0.82 ተብሎ ይጻፋል፤ አንባቢውም «መድኃኒቱ በመጠኑ ልክ ይሠራል» ብሎ ያልፋል።

ይህ የአንስኮምብ መረጃ ከአር ጋር ተጭኖ ይመጣል፤ ማንም ሐኪም በስሙ ጠርቶ አራቱንም ሥዕል በጥቂት ደቂቃ ሊያወጣ ይችላል። አር ራሱ በኒውዚላንድ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የጀመሩት ሥራ ነው። መሠረቱ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች የተሠራው «ኤስ» የተባለ ቋንቋ ሲሆን፣ 1.0.0 ተብሎ የሚታወቀው እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። የሚሰጠው በነፃ ነው። ለፈቃድ የሚከፈል በጀት ለሌላቸው ክፍሎች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ካልተገዛ ቅጂ ጋር ተያይዞ ስለሚመጣው የኮምፒዩተር ቫይረስ ለአንባብያን መንገር አያስፈልገኝም። ከዋጋው ይልቅ ግን የሚበልጠው ጥቅሙ ትእዛዞቹ በጽሑፍ የሚቀመጡ መሆናቸው ነው። በመዳፊት እየተጫኑ የሚሠራ ሥዕል እንዴት እንደ ተሠራ ከሳምንት በኋላ ሠሪው ራሱ አያስታውሰውም። በአር የተሠራ ሥዕል ግን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ወረቀት ነው፤ ማን ምን እንዳዘዘ ተጽፎ ይገኛል።

መሠረታዊው ትእዛዝ «ፕሎት» ይባላል። ሁለት የቁጥር ዝርዝሮች ሲሰጡት፣ ሌላ ምንም ሳይታዘዝ፣ ውስጣቸው ባዶ በሆኑ ክቦች ሥዕሉን ያወጣል። ይህ ምርጫ ያለ ምክንያት የተደረገ አይመስለኝም። ሁለት የተሞሉ ነጥቦች ሲደራረቡ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለት ባዶ ክቦች ሲነካኩ ግን የሁለቱም ጠርዝ ይታያል። ብዙዎች ሥዕሉን ለማሳመር ሲሉ ይህን ትተው ወፍራም ጥቁር ነጥብ ይመርጣሉ፤ እኔ በበኩሌ ባዶውን ክብ እመርጣለሁ። ሌላው ሊመሰገን የሚገባው «አይደንቲፋይ» የተባለው ትእዛዝ ነው። ከሰልፉ የወጣውን ነጥብ በመዳፊት ሲጫኑት የመዝገቡን ተራ ቁጥር ይነግራል። ከዚያ በኋላ ሥራው የስታትስቲክስ መሆኑ ይቀርና የሐኪም ይሆናል። ካርዱ ይወጣል፣ ይነበባል። ክብደቱ 340 ኪሎ የተባለው ታካሚ 34.0 ሆኖ ይገኛል፤ ዕድሜያቸው 99 የተባሉት እናት «ዕድሜ አልተጻፈም» ለማለት የተመዘገበ ኮድ ሆነው ይገኛሉ። አንዳንዴም ስሕተት ሳይሆን እውነተኛ ታካሚ ይገኛል፤ ከሁሉ የሚያስተምረውም እርሱ ነው።

ነቀፌታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። «ፕሎት» የጎደለ ልኬት ያለውን ታካሚ ምንም ሳይናገር ይጥለዋል። ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ ስንቱን እንደ ተወ አይጽፍም። የሚገርመው የዚያው ቋንቋ የተዛምዶ ማስሊያ የሆነው «ኮር» አንድ ልኬት እንኳ ቢጎድል፣ የጎደለውን ምን ላድርገው የሚለው ካልተወሰነለት በቀር መልስ ለመስጠት እምቢ ማለቱ ነው። ቁጥሩ ሐቀኛ ሆኖ ሥዕሉ ዝም ይላል። ሀድሊ ዊክሃም የሠራውና ዛሬ በስፋት የሚሠራበት «ጂጂ-ፕሎት-ቱ» የተባለው ተጨማሪ ጥቅል በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ ስንት መስመር እንደ ተወገደ በማስጠንቀቂያ ይገልጻል። እንግዲህ ማስጠንቀቂያው በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ይቀራል እንጂ በመጽሔቱ ገጽ ላይ አይታተምም። በሰንጠረዡ ላይ 412 ታካሚ የተባለው ጥናት በሥዕሉ ላይ 260 ነጥብ ብቻ ቢኖረው ማን ቆጥሮ ይደርስበታል? የጎደሉት ደግሞ በዕጣ የጎደሉ አይደሉም። የላቦራቶሪ ውጤት የሌለው ታካሚ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ያልነበረው፣ ከሩቅ የመጣው፣ ወይም ውጤቱ ሳይደርስ ያረፈው ነው።

ይህ ዝምታ ከዘመን አቆጣጠራችን ጋር ሲገናኝ የሚያደርሰውን ጉዳት ዘርዘር አድርጌ ላቅርበው፤ በውጭ ሀገር የተጻፉ መማሪያዎች አያነሡትምና። የታካሚ ካርድ በአመዛኙ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፤ የላቦራቶሪ መሣሪያ የሚያትመው ቀን ግን የአውሮፓውያን ነው። ሁለቱ በአንድ ፋይል ውስጥ ሲቀላቀሉ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል። ይህን የሥርጭት ሥዕል ወዲያውኑ ያጋልጠዋል፤ ከዋናው ደመና ተለይቶ ሌላ ትንሽ ደመና በሩቅ ይታያል። ቁጥሩ ግን አያጋልጥም፤ እንዲያውም ያ የራቀ ደመና ተዛምዶውን ሊያጠናክረው ይችላል።

የከፋው ሁሉም ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ለአር እንደ አውሮፓውያን ቀን ሲሰጥ የሚሆነው ነው። አር ዐሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። በጳጉሜ የተወለደ ሕፃን የልደት ቀኑ «የጎደለ» ተብሎ ይመዘገባል። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ እንደ አውሮፓውያን ሁለተኛ ወር ይነበባል፤ ስለዚህ ጥቅምት 30፣ በአብዛኞቹ ዓመታትም ጥቅምት 29፣ የሌለ ቀን ይሆናል። በአንድ ተራ ዓመት ከ365 ቀናት 7ቱ ጠፉ ማለት ነው። በእነዚያ ቀናት የተወለዱት ሕፃናት ከሥዕሉ ላይ ይጠፋሉ፤ «ፕሎት»ም ምንም አይልም።

ከጠፉት ይልቅ የቀሩት ይበልጥ ሊያሳስቡን ይገባል። ነሐሴ 30 የተወለደ ሕፃን መስከረም 1 ቀን ቢጫ ሆኖ ቢመጣ ዕድሜው 6 ቀን ነው፤ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት 7 ቀን። አር ግን 12ኛውን ወር ታኅሣሥ፣ 1ኛውን ወር ጥር አድርጎ እንደ አውሮፓውያን ስለሚቆጥር 2 ቀን ብሎ ያሰላዋል። የቢሊሩቢን መጠን ትርጉሙ በሕፃኑ ዕድሜ ላይ የሚመሠረት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በሁለተኛው ቀን የሚያስደነግጥ መጠን በስድስተኛው ቀን ሌላ ትርጉም አለው። እንዲህ ያለው ነጥብ ከሰልፉ አይወጣም፣ ጎልቶም አይታይም፤ በደመናው መካከል በሐሰት ቦታ ተቀምጦ ይቀራል። ሥዕል ትልቁን ስሕተት ያጋልጣል፤ ትንሹን አያጋልጥም። ስለዚህ ቀኖቹ ከሥዕሉ በፊት ወደ አንድ አቆጣጠር መለወጥ አለባቸው፤ በጽሑፉ የአሠራር ክፍልም በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተሰላ መገለጽ አለበት። ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ ሲጻፍ የሚታየው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው የኛ መረጃ ጠባይ መከመር ነው። በሀገራችን የሕዝብ ቆጠራዎች ዕድሜ በ0 እና በ5 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ እንደሚከመር የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል። የደም ግፊትም 120፣ 130፣ 140 እየተባለ ይጻፋል፤ የልደት ክብደትም 2500 እና 3000 ግራም ላይ ይቆማል። እነዚህን በ«ፕሎት» ስንሥላቸው ደመና ሳይሆን ወንፊት የመሰለ መረብ ይወጣል፤ አንዱ ክብ አንድ ታካሚ ይሁን አርባ አይታወቅም። ለዚህ የተለያዩ መድኃኒቶች አሉ። «ጂተር» የተባለው ትእዛዝ እያንዳንዱን ነጥብ በዕጣ ጥቂት ያንቀሳቅሰዋል። ነጥቦችን ከፊል ብርሃን አስተላላፊ አድርጎ መሣልም ይቻላል፤ ብዙ የተደራረበበት ይጠቁራል። «ሰንፍላወር ፕሎት» የተባለው ደግሞ ለተደራረቡት ታካሚዎች ቁጥር ያህል ቅጠል እያወጣ አበባ ይሠራል፤ ለአነስተኛ ጥናት እጅግ ተስማሚ ሆኖ ሳለ ለምን እንደ ተረሳ አይገባኝም። «ጂተር»ን በተመለከተ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ነጥቡ የተቀመጠበት ቦታ የተለካው ቦታ አይደለምና ይህ በሥዕሉ ሥር መጻፍ አለበት። ከዚህም በላይ መከመሩ ራሱ ግኝት ነው። የደም ግፊቱ ሁሉ በዜሮ የሚያልቅ ከሆነ አለካኩ እንዴት እንደ ነበር ሥዕሉ እየነገረን ነው፤ ነጥቦቹን በትነን ይህን ከአንባቢ መሰወር ተገቢ አይደለም።

በነጥቦቹ ላይ ስለሚሰመረው መስመር ጥቂት ልበል። በ«ጂጂ-ፕሎት-ቱ» መስመር ሲታዘዝ በዙሪያው ግራጫ መቀነት ተጨምሮ ይወጣል። ሥዕሉ ያምራል፤ ጸሐፊዎችም እንዳለ ይወስዱታል። ይሁን እንጂ ያ መቀነት የሚያሳየው የአማካዩ መስመር ምን ያህል በእርግጠኝነት እንደ ተገመተ ነው እንጂ ታካሚዎች የሚገኙበትን ክልል አይደለም። የታካሚዎች ብዛት ሲጨምር መቀነቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ የታካሚዎቹ መለያየት ግን አይጠብም። ከመቶ ሰማንያው ነጥብ ከመቀነቱ ውጪ የሆነበት ሥዕል ታትሞ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በተረኛ ክፍል ያለ ሐኪም ይህን አይቶ «ታካሚዬ በዚህ ክልል ውስጥ ይሆናል» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ለአንድ ታካሚ የሚሆነው ክልል ሌላ ነው፤ አርም ሲጠየቅ ያሰላዋል፤ ሳይጠየቅ ግን አይሰጥም።

የሥርጭት ሥዕል ያለ አግባብ የሚነበብበት ሌላው ስፍራ የሁለት መለኪያዎች ንጽጽር ነው። አዲስ መሣሪያ ከአሮጌው ጋር ተወዳድሮ ተዛምዶው ከፍ ያለ ሲሆን «አንዱ በሌላው ሊተካ ይችላል» ይባላል። ማርቲን ብላንድና ዳግላስ አልትማን እ.ኤ.አ. በ1986 በላንሴት መጽሔት ላይ የዚህን አስተሳሰብ ስሕተት በግልጽ አስረድተዋል። በ17 ሰዎች ላይ በሁለት የትንፋሽ ኃይል መለኪያዎች የተወሰደ ልኬት አቀረቡ፤ ተዛምዶው 0.94 ነበር። የሁለቱ መለኪያዎች ልዩነት ለየሰዉ ሲሰላ ግን አንዱ መለኪያ ከሌላው በአንድ ሰው ላይ ወደ 80 ሊትር በደቂቃ ዝቅ ወይም ወደ 76 ሊትር በደቂቃ ከፍ ሊል እንደሚችል ተገኘ። ለአስም ታካሚ ይህ መድኃኒት በመጨመርና ባለመጨመር መካከል ያለ ልዩነት ነው። መፍትሔያቸውም ሌላ የሥርጭት ሥዕል ነበር፤ በአግዳሚው የሁለቱ ልኬቶች አማካይ፣ በቋሚው ልዩነታቸው። በአር ይህን ለመሥራት ሦስት ወይም አራት መስመር ይበቃል። ጽሑፉ ከታተመ ዐርባ ዓመት ሊሞላው ሲል ወይም ከሞላው በኋላም ተዛምዶን እንደ ስምምነት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አልቀረም።

ነጥቦቹን በቡድን ለይቶ አለማሳየትም የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። የጣት ኦክስጅን መለኪያው ለዓመታት ከደም ጋዝ ምርመራ ጋር «በጥሩ ሁኔታ ይዛመዳል» ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የታተመ የአሜሪካ ጥናት ታካሚዎቹን ለይቶ አየ። በሚሽጋን በተሰበሰበው መረጃ መለኪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባሳየባቸው ጊዜያት፣ እውነተኛው የደም ኦክስጅን ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በነጭ ታካሚዎች ልኬት 3.6 በመቶ፣ በጥቁር ታካሚዎች ልኬት 11.7 በመቶ ነበር። ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ቀለም ከተሣሉ ይህ በደመናው ውስጥ ይሰወራል። በአር ቡድንን በቀለም ለመለየት የሚጨመረው አንድ ቃል ነው። እዚህ በየዋርዱ በጣት መለኪያ እየተመራን ኦክስጅን የምንሰጥና የምናቆም ሐኪሞች ነገሩ የሩቅ ሀገር ወሬ አይደለም።

ስለ ስያሜዎች ብዙ አልልም። «ፕሎት» በመስመሮቹ ሥር የሚጽፈው በፋይሉ ውስጥ ያለውን የተለዋዋጭ ስም ነው፤ በምሕጻረ ቃል የተሞላ ስም ያለ መለኪያ አሃድ ታትሞ ሲወጣ የጸሐፊውንም የአርታኢውንም ቸልተኝነት ያሳያል።

ለመጽሔቶቻችን አርታኢዎች የማቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። የተዛምዶ ቁጥር የሚጠቅስ ማንኛውም ጽሑፍ የሥርጭት ሥዕሉን አብሮ እንዲያቀርብ ይጠየቅ፤ ለኅትመት ቦታ ባይኖር እንኳ ገምጋሚው ይየው። በሥዕሉ ሥር የነጥቦቹ ብዛት፣ የተተዉት ብዛትና የተተዉበት ምክንያት ይጻፍ። የአሩ ትእዛዝ ጽሑፍም ከጥናቱ ጋር ይቀመጥ። ጥያቄው ሸክም ነው የሚል ይኖራል፤ ሥዕሉን ያላየ ሰው ቁጥሩን የሚጽፍ ከሆነ ሸክሙ ወደ ታካሚው እንደሚዞር አይዘንጋ።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ መጨመር ይኖርበታል። በአንድ አነስተኛ ሆስፒታል የተሠራ ጥናት ውስጥ ከሰልፉ የወጣ ነጥብ፣ ለምሳሌ የ13 ዓመት ወላድ ወይም 5 ኪሎ የመዘነ አራስ፣ በአካባቢው ሰው ዘንድ ያለ ስም ሊታወቅ ይችላል። ነጥቡን መሰረዝ መረጃውን ማዛባት ነው፤ እንዳለ ማተም ደግሞ ምስጢር ማውጣት ሊሆን ይችላል። ለዚህ አር ውስጥ የተዘጋጀ ትእዛዝ የለም። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎቻችን መጠይቁንና የስምምነት ቅጹን ብቻ አይተው ፈቃድ ከሚሰጡ፣ የሚታተሙትን ሥዕሎችም እንዲያዩ ቢደረግ፣ ውሳኔው በአንድ ተመራማሪ ጫንቃ ላይ አይወድቅም።